አክተሯ እኔ ነኝ፦ ከሴት ልጆቻችሁ ጋር የራሳቸውን ጀግና ለመፍጠር

ባለፈው ክረምት ነው። ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ ከመስኮት አያለሁ። የስምንት ዓመቷ ልጄ የእናቴን ነጠላ አንገቷ ላይ ቋጥራ «አክተሯ እኔ ነኝ!» አለች። የእህቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። «ሴት አክተር አትሆንም። አንቺ የአክተሩ ገርል ነሽ። ቦሱ ያግትሻል፣ እኛ መጥተን እናድንሻለን» አላት። ልጄ ትንሽ አሰበች። ከዛ ሄዳ የመብራት ምሰሶው ሥር ቆመች፣ እጇን እንደታሰረ ሰው ወደኋላ አድርጋ እስኪያድኗት መጠበቅ ጀመረች። ልጆቹ ትንሽ ሮጡ፣ ተታኮሱ፣ ከዛ ኳስ መጣ። ረሷት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆማለች።

በልጁ አልተናደድኩም። ያየውን ነው የተናገረው። እኛም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ስናድግ «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን ሕግ የማያውቅ አልነበረም። አክተሯ ትሞት አትሞት እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም፣ አልነበረችማ። ያንገበገበኝ የልጄ ነገር ነው። አንድ ቃል ሳትመልስ ሄዳ መቆሟ።

ከዛ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ ልጆች እሰበስባለሁ። አራት ሴቶች፣ ሁለት ወንዶች፣ አንዳንዴ ቆሎ የሸተታት የጎረቤት ሕፃን ትጨመራለች። ካርቱን እናያለን፣ ተረት እናወራለን፣ ከዛ የራሳቸውን ጀግና ይሠራሉ። ባለሙያ አይደለሁም፣ ስሠራ የተበላሸብኝ ከተሳካልኝ ይበልጣል። ቤታችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። የምትወደውን ካርቱን ክፈቱና ከጀግኖቹ ስንቱ ሴት እንደሆነች እሷው ትቁጠር። ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የተቆጠረው ፖ ፓትሮል ነው፣ ውሾቹ። መጀመሪያ የተነሳው ቡድን ስድስት ነው፣ ሴቷ ስካይ አንዲት ብቻ። ቀለሟም እንደምትገምቱት ሮዝ ነው። ልጄ ደጋግማ ቆጠረች፣ የተሳሳተች መስሏት። ይሄ ነገር ስምም አለው። ካታ ፖሊት የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1991 እ.ኤ.አ. «የስመርፌት ሕግ» ብላ ጽፋበታለች፣ ሰማያዊዎቹን ስመርፎች ታስታውሱ እንደሆነ ከነሱ መሃል ያለችውን ብቸኛ ሴት ይዛ ነው። ወንዶቹ አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ነጭናጫ ይሆናሉ፣ እሷ ግን ሥራዋ ሴት መሆን ነው። ስትቆጥሩ አስተያየት አትጨምሩ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፣ እመኑኝ።

ቀጥሎ ልብሷን ፈትኑ። የኛ ፈተና አንድ ናት፦ በዚህ ልብስ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ፣ ሚኒባስ ተጋፍቶ መግባት ይቻላል? ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኮሚክ ጀግናዋ ዎንደር ውማን በ1941 እ.ኤ.አ. ስትፈጠር ሴት ልጅም ትችላለች ለማለት ነበር፣ ፈጣሪዋም ዊሊያም ማርስተን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሴቶችን ለማብቃት የክብር አምባሳደሩ አድርጎ ሲሾማት ግን የራሱ ሠራተኞች ኒውዮርክ በበዓሉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከተቃወሙት ነገር አንዱ አለባበሷና ሰውነቷ የተሳለበት መንገድ ነው። በጥቅምት ተሾማ ታኅሣሥ ላይ ነገሩ አበቃ። ሁለት ወር አልሞላም። እኔ ዎንደር ውማንን እወዳታለሁ፣ ልጄም ትወዳታለች፣ አልከለክላትም። ግን ፈተናውን አላለፈችም። ሚኒባሱ ውስጥ ይበርዳታል።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱም ይከብዳል፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ማን ነው የወሰነው? ጡንቻውን ተዉት። ብዙ ካርቱን ላይ ሴቷ ትዋጋለች፣ ትበርራለች፣ እሳት ትተፋለች፣ ወዴት እንሂድ የሚለውን ግን ወንዱ ነው የሚወስነው። እሷ የምትታዘዝ ጎበዝ ናት። ጎበዝ ታዛዥ ደግሞ ቤታችን ሞልቷል፣ ካርቱን አያስፈልገውም።

እዚህ ጋ የኛውን አገር ሥራ ካላነሳሁ ነውር ነው። ፀሐይ መማር ትወዳለችን የማያውቅ የለም፣ ቀጭኔዋን። እሷን የሠሩት እነ ብሩክታዊት ጥጋቡ፣ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ ጥበብ ገርልስ የሚባል ካርቱንም አላቸው፦ ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴት ልጆች፣ ልዩ ኃይል ያላቸው፣ ያለዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የመሰለ ነገር የሚጋፈጡ። ለትንንሾቹ ከማሳየታችሁ በፊት ግን እናንተ ቀድማችሁ እዩት። እኔ አላየሁም ነበርና ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ልጄ «እማዬ፣ የወር አበባ ምንድነው? አንቺም አለሽ?» አለችኝ፣ አማቴ በተቀመጡበት። እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ። ማታ ግን ነገርኳት፣ በደንብ።

አብራችሁ ስታዩ ፈተና አታስመስሉት። መጀመሪያ ሰሞን በየአምስት ደቂቃው እያቆምኩ እጠይቅ ነበር፣ ምን ተማርሽ፣ ጀግናዋ ለምን እንዲህ አደረገች፣ አንቺስ ምን ይሰማሻል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ «እማዬ፣ በቃ ዝም ብለን እንይ» ተባልኩ። ልክ ናት። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረችኝ፣ እሷንም ካለቀ በኋላ፣ ቆሎ እየበላን፦ «አንቺ ብትሆኚ የት ጋ ሌላ ነገር ታደርጊ ነበር?» አንዳንዴ ምንም አይመልሱም። አንዳንዴ ለግማሽ ሰዓት ያወራሉ።

ተረት ላይም ይሠራል፣ እንዲያውም ተረት ላይ ይብሳል። የአንበሳውን ተረት ታውቁታላችሁ። ባሏ ያስቸገራት ሴት ወደ አዋቂ ትሄዳለች፣ አዋቂውም የአንበሳ ጸጉር አምጪልኝ ይላታል። በየቀኑ ሥጋ እየወረወረች፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ እየተጠጋች፣ አንበሳውን አለማምዳ ከጋማው ትነቅላለች። አዋቂው ምን ይላታል? «አንበሳ ያለመድሽ ባልሽን ታቅቶሽ ነው? በይ እንደሱው ታግሠሽ አልምጂው።» አያቴ ስትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለልጆቹ ስነግራቸው ግን ከፎቅ የምትወርደዋ የ11 ዓመት ልጅ ግንባሯን ቋጠረች። «አንበሳ የሚፈራት ሴት ለምን ቤቷ ትመለሳለች?» አለች። ሌላዋ «አንበሳውን ይዛው ትመለስ!» አለች። ያን ቀን አምስት መጨረሻ ሠራን። አንዱ ላይ አንበሳው ጊቢ ገብርኤል አካባቢ ጥበቃ ተቀጥሯል። ተረቱን አትጣሉት፣ ጀግንነቱ ውስጡ አለ፣ መጨረሻውን ብቻ ለልጆቹ ክፍት ተዉላቸው።

አፋችሁንም ጠብቁ፣ ይሄ ለኔም ነው። ልጄ ከፍ ካለ ግንብ ዘላ ስትወርድ ከአፌ የወጣው «ወንዳታ!» ነው። ደፋር ሴት ስናይ ማድነቂያችን ወንድ ማድረግ ሆኖ ቀረ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ ሴት እናደርገዋለን። «ጎበዝ» አለ፣ «አንበሳ» አለ፣ «ጀግኒት» የምትለዋም አሁን አሁን ለምዳለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ዘመድ ቡና ላይ ከተገኘ እኔ «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» እያልኩ እመልሳለሁ። ተረትና ምሳሌ በተረትና ምሳሌ ነው።

ከካርቱኑ ወጣ በሉና ደግሞ በእግር አዙሯቸው። መሃል ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይሄ በነፃ ወይ በትንሽ ብር የሚገኝ ነገር ነው። ልጄ ጣይቱ የሆቴል ስም ይመስላት ነበር። ፒያሳ ስናልፍ ሁሌ የምታነበው እሱን ነዋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወደተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ወስጄ ምሽጉን ነገርኳት፦ በ1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች መቀሌ መሽገው ሳለ የሚጠጡት ውሃ ከምሽጉ ውጭ ነው፣ ምንጩ ይያዝባቸው ብለው የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፣ ምንጩ ተያዘ፣ ውሃ የጠማው ጦርም ምሽጉን ለቆ ወጣ። ልጄ ዝም ብላ ሰማችና «እኛ ቤትም ውሃ ሲጠፋ ልንለቅ ነው?» አለች። ግን ገብቷታል። የእቴጌ ኃይል ውሃው የት እንዳለ ማየታቸው ነው፣ ይሄን የሚያህል ኃይል የትኛውም ካርቱን ላይ የለም።

ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ አለች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ስሟ ራሱ የጀግና ስም ነው፣ ማንም ሊያሻሽለው አይችልም። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ልጆቹ አጠገቧ ቆመው «እኔ እበልጣታለሁ!» ማለት ይወዳሉ። ደራርቱንም አሳዩዋቸው፣ የ1992ቱን እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ቪዲዮ። 10 ሺህ ሜትሩን ካሸነፈች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ። ቦስ የሌለበት ፊልም ነው። ወንዶቹ ልጆች ሳይቀሩ ደግመው አዩት።

አሁን ወደ ሥራው። የራሷን ጀግና ስትሠራ ከኃይሉ አትጀምሩ። እኔ ጀምሬ የወጣው ምን መሰላችሁ? ስድስት በራሪ፣ ሁሉም ከዓይናቸው ጨረር የሚወጣ። ይልቅ «በዚህ ሳምንት ምን አናደደሽ?» በሉ። ከንዴት ነው የሚነሳው። አንዷ ት/ቤት ሽንት ቤቱ በር የለውም አለች። አንዷ ወንድሟ እየተኛ እሷ ዕቃ ማጠቧ። የ11 ዓመቷ ልጅ ንዴት ውሃ ነው፦ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ ያውም ሌሊት ይመጣል፣ ጀሪካን ተሸካሚዋ እሷ ናት። ከዚህ ንዴት የወጣችው ጀግና ቧንቧ ውስጥ ውሃ ከመምጣቱ ከአንድ ሰዓት በፊት የምትሰማ ልጅ ናት። ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ትለጥፍና «ሿ» የሚል ድምፅ ይመጣላታል። ስሟን «ሿሿ» አለቻት።

ታላቅ ወንድሟ ይሄን ሲሰማ ወለል ላይ ተንከባለለ። «የታክሲ ሌባ ናት እንዴ?» አለ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው አጨናንቀው የሚሰርቁትም «ሿሿ» ይባላሉና። ልጅቷ መጀመሪያ ቀላች። ከዛ እርሳሷን አነሳችና ሁለተኛ ታሪክ ጻፈች፦ ሿሿ ከፒያሳ ሚኒባስ ትገባለች፣ ከኋላ ወንበር ሦስት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ትሰማለች፣ አንዷን እናት ሊያጨናንቁና ስልኳን ሊወስዱ ነው፣ ሿሿ ድምጿን ከፍ አድርጋ ለመላው ታክሲ የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ትናገራለች። ረዳቱ በሩን ይዘጋል። አለቀ። አንድ ቡጢ የለበትም። ወንድሟ ሲያነብ አልሳቀም።

ኃይሉ ከተገኘ በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የት ጋ ነው የማይሠራው? ሿሿ ጄኔሬተር ሲነሳ ምንም አትሰማም፣ መብራት ሲጠፋ ታዲያ ትፈራለች። ድክመት የሌላት ጀግና ታሰለቻለች፣ ልጆቹ ራሳቸው ገጽ አራት ላይ ይተዉዋታል። ሁለተኛ፣ ማን ይረዳታል? ይሄን ሳልጠይቅ ሳምንታት አለፉ፣ ሁሉም ጀግኖች ብቻቸውን ነበሩ። አሁን ሱቅ ያለው ጋሼ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ለሿሿ ደግሞ ጆሯቸው የማይሰማ አያት አሉ፣ ሰው ሲዋሽ ከከንፈሩ የሚያውቁ።

መጽሐፉን ለመሥራት አንድ ኤ ፎር ወረቀትና መቀስ ይበቃል። ወረቀቱን በቁመቱ አንዴ፣ በወርዱ ሁለቴ አጥፋችሁ ስትፈቱት ስምንት ሳጥን ይወጣል። እንደገና በወርዱ ለሁለት እጠፉትና፣ ከታጠፈበት በኩል ጀምራችሁ የመሃሉን መስመር እስከሚቀጥለው እጥፋት ድረስ ብቻ ቁረጡ፣ እዛ ጋ አቁሙ። ፍቱት፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለ። አሁን በቁመቱ አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ መሃል ግፉት፣ ስንጥቁ ይከፈትና መስቀል ይመስላል። ከዛ እንደ መጽሐፍ ሰብስቡት። ሽፋን፣ ስድስት ገጽ ታሪክ፣ የኋላ ሽፋን። ደስ የሚለው ሁሉም በወረቀቱ አንድ ፊት ላይ ስለሆነ ፈትታችሁ ፎቶ ኮፒ ስታስነሱት በአንድ ቅጠል አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣል። አራት ኪሎ የተማሪ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል። ሿሿ አሥር ኮፒ ተነስታ ለክፍል ልጆች ታድላለች።

ልብስ ከፈለጉ አትግዙ። ነጠላው ይበቃል። ካባ የጀግና ልብስ መሆኑን ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

ወንዶቹን አታስወጧቸው። ሴቶቹ ብቻቸውን ሲሠሩ የነበረበት ወር ነበር፣ ውጭ ሲወጡ ጨዋታው ያው ሆነ። የእህቴን ልጅ ሴት ጀግና እንዲጽፍ አዘዝኩት፣ አኮረፈ። ከዛ የሴት ግብ ጠባቂ ታሪክ ጻፈ፣ እጇ እንደ ላስቲክ የሚሳብ። ከሁሉም የበለጠ የሸጠችው እሷ ናት። ትንሽ ቅናት ነበር።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ስሙኝ። ልጃችሁን ጀግና ናት እያላችሁ ስታሳድጉ፣ ትልቅ ሰው ሲተናኮላት ታግላ ማሸነፍ ያለባት እንዳይመስላት። በግልጽ ንገሯት፦ እውነተኛ ሰው ሲያስፈራሽ ኃይልሽ መጮህ፣ መሮጥና መናገር ነው። መሮጥ ካልቻልሽም፣ መጮህ ካቃተሽም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የምትነግሪያቸው ሦስት ትልልቅ ሰዎች እነማን ናቸው? ስማቸውን አስቆጥሯት። የኛ ልጆች መጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ ጽፈዋቸዋል፣ እኔ የልጄ ዝርዝር ላይ ሁለተኛ ነኝ። አንደኛዋ አያቷ ናት። አሁንም ይቆጨኛል።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው የናንተ ፈተና ነው፣ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። ጀግናዋን ወረቀት ላይ የሠራች ልጅ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ትሞክራታለች። የኛ የሞከረችው ፋሲካ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ዘመድ መጡ። «ነይ ሳሚኝ» አሏት። «እጅ ልስጥዎት» አለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሥርዓት። ቤቱ ፀጥ አለ። እናቴ አየችኝ። እንግዳው አዩኝ። አፌ ላይ የመጣው «ኧረ ተይ፣ ነውር ነው፣ ሳሚያቸው» የሚለው ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ልጄም አየችኝ። ያኔ ነው ምሰሶው ሥር የቆመችው ትዝ ያለችኝ። «እጅ ይበቃል ጋሼ፣ እንዲህ ነው የለመደችው» አልኩ። ጨበጧት። ዶሮው ቀረበ። እናቴ ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ አራተኛው ቀን ላይ ግን ለልጄ ብቻ ነጠላ ገዝታ መጣች፣ የሷን እንዳትቋጥርባት።

እንግዲህ ዕቃ ማጠቡ ላይም መጥታብኛለች። «ወንድሜ ለምን አያጥብም?» መልስ አልነበረኝም፣ አሁን ተራ አላቸው፣ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። እሱ ያጠበው ብርጭቆ ቅባቱ አይለቅም፣ ዝም ብዬ ደግሜ አጥባለሁ፣ ማንም ሳያይ።

ባለፈው ቅዳሜ ግቢ ውስጥ እንደገና አየኋቸው። «አክተር ማን ይሁን?» ተባለ፣ ሦስት እጅ ወጣ፣ ሁለቱ የሴት። ዕጣ ተጣጣሉ። ምሰሶው ሥር የሚታገት ሰው ጠፋ፣ ማንም እሺ አላለም። በመጨረሻ ልጄ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ በሩን በረገደችው። «እማዬ፣ ቦስ አጣን። አንቺ ስልክ የምትነጥቂው ቦስ ሁኚ። ቶሎ ውረጂ።» ወጥ ጥጄ ነበር። አጠፋሁና ወረድኩ።